ሠላሳ አንደኛው ታብሌት

መምህር ነስሮ ሞቶ የተገኘው ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያገኙት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባባ አሕመድ ነበሩ፤ ክፍሎቹን ሊዘጉ ሲዞሩ የታብሌት ክፍሉ በር ገርበብ ብሎ አዩና ገቡ።

ስልክ ሲደወልላት ኢንስፔክተር ሥርጉት ቢሮዋ ውስጥ የቀዘቀዘ ሻይ ፊቷ አስቀምጣ ተቀምጣ ነበር። ባሏን ኡራኤልን ከቀበረች ሁለተኛ ወሯ ነው። ከሥራዋ አንድ ቀን አልቀረችም፤ ግን ሰው ሲያለቅስም ሲስቅም ከግድግዳ ማዶ ያለ ይመስላት ነበር። ሻዩን ሳትነካው ተነሣች።

ትምህርት ቤቱ ከከተማው ግንብ በሮች ከአንዱ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ነው። ነስሮ በታብሌት ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ቀኝ እጁ ጫፉ የተላጠ ሽቦ ይዟል። አጠገቡ የብረት ቁም ሣጥን አለ፤ በውስጡ ሠላሳ ታብሌቶች ቻርጅ ላይ ተሰክተዋል። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ማንበብ የሚማሩባቸው ናቸው። አፑን የሠራው ራሱ ነስሮ ነበር፤ ልጁ ፊደሉን ሲነካ የነስሮ ድምፅ ያነብለታል፣ ልጁ ሲደግም ደግሞ አፑ ድምፁን ከነስሙና ከነቀኑ ያስቀምጣል።

«ኮረንቲ ነው የገደለው» አሉ አባባ አሕመድ። «ሽቦውን በእጁ ሳይ ሮጬ ቆጣሪውን አጠፋሁ። ኢና ሊላሂ! ልጅ ነበር እኮ።»

ሥርጉት የሟቹን መዳፍ ገልጣ አየች። የቃጠሎ ምልክት የለም። ከኋላ ግን ፀጉሩ በደረቀ ደም ተጣብቋል። ቁም ሣጥኑ ሙሉ በሙሉ አቧራ ለብሶ ሳለ አንደኛው ጠርዙ ብቻ ተጠርጎ ያበራል። ሬሳው ሲነሣ፣ ከነጭ ጋዎኑ ሥር ቀበቶው ላይ የተሸጎጠ ሌላ ታብሌት ተገኘ። ጀርባው ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «31» ተብሎ ተጽፎበታል።

ሥርጉት በቁም ሣጥኑ ያሉትን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ሁሉም ባትሪያቸው ሃያ ፐርሰንት ገደማ ነው።

የሁለተኛ ክፍል መምህርት ናፊያ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከነስሮ ጋር ኒካሕ ሊታሰርላቸው ሦስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። አላለቀሰችም። ሥርጉት ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ በየማለዳው በመስታወት ታየዋለች።

«ታብሌቶቹን ማን ሰካቸው?»

«እኔ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ።»

«ለመሙላት ስንት ሰዓት ይፈጃሉ?»

«አራት ሰዓት። ግን ገና እንደሰካኋቸው መብራት ሄደ፤ የመጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቶ ነበር የዋለው።»

«ይሄ ሠላሳ አንደኛውስ?»

ናፊያ አየችው። «የሶፊ ገጠር ትምህርት ቤት ነው። የዚያው መምህር ሙሳ በየሳምንቱ እያመጣ የልጆቹን ንባብ ለነስሮ ያስረክባል።»

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ደወለ። ሟቹ የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል፤ የሞተውም ከቀኑ በስምንትና በዘጠኝ ሰዓት መካከል ነው።

ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ለተማርያም ሥርጉትን ከልጅነቷ ያውቋታል። «እግዜር ያጥናሽ አልልሽም» አሏት፤ «ሰልችቶሽ ይሆናል።»

«ከነስሮ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«አዎ፣ ሰኞ ዕለት ጮኼበታለሁ። አፑን በትምህርት ቤቱ ስም ለትምህርት ቢሮ እናቅርበው ብዬ ብጠይቀው እንቢ አለኝ። ትናንት ግን ፈተና የማትምበት መብራት አጥቼ ቢሮዬ ውስጥ ስበሳጭ ዋልኩ።»

አባባ አሕመድ በበኩላቸው ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል መስጊድ እንደነበሩ፣ የግቢውንም በር ሳይቆልፉ ገፋ አድርገውት እንደሄዱ አልሸሸጉም።

ሙሳ ከሶፊ ተጠርቶ መጣ። ቀጭን፣ ጫማው አቧራ የጠጣ፣ ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ነው። ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ አየር በአፍንጫው ሳብ ያደርጋል።

«ያ ሽቦ እንደሚገድለው ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ ወላሂ! አላህ ይርሐመው።»

«እዚህ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ መጣህ?»

«ያለፈው ሳምንት ሐሙስ። ታብሌቱን ሰጥቼው ሄድኩ። ትናንት ጊደር መጋላ ገበያ ጨውና ሳሙና ገዝቼ ተመለስኩ፤ እዚህ አልደረስኩም።»

ሥርጉት ብቻዋን ባዶ ክፍል ገብታ ሠላሳ አንደኛውን ታብሌት ከፈተች። ሠላሳ ስምንት የልጆች ስም አለበት። ሱመያን ሰማች። ሐሊማን ሰማች። ዓሊዪን ሰማች። አሥረኛው ላይ ስትደርስ አቆመች፤ የተቀዱበትን ቀን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም በሁለተኛ ክፍል ሰበሰበቻቸው። በልጆቹ አጫጭር አግዳሚዎች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ።

«ነስሮን ኮረንቲ አልገደለውም» አለች፤ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «በሞተበት ሰዓት መብራት አልነበረም። ታብሌቶቹ ይመሰክራሉ፤ ከሦስት ሰዓት ጀምረው ተሰክተው ሃያ ላይ ነው የቀሩት። ወደ ኋላ ተገፍቶ ከቁም ሣጥኑ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። የገፋው ሰው ደሙን ጠርጎ፣ ገልብጦ፣ ሽቦ አስጨበጠው።»

«ማን?» አሉ ወይዘሮ ለተማርያም።

«መብራት መጥፋቱን ያላወቀ ሰው። እርስዎ ማተም አቅቶዎት ውለዋል። ናፊያ ገና እንደሰካቻቸው መጥፋቱን አይታለች። አባባስ?»

«ቀኑን ሙሉ መምህራኑ ‹መቼ ይመጣል?› እያሉ ሲያደርቁኝ ነው የዋሉት» አሉ ዘበኛው።

«ስለዚህ ገዳዩ ከውጭ የመጣ ነው። ሙሳ፣ ታብሌቱን ያለፈው ሐሙስ ሰጠሁት ብለሃል። በውስጡ ያለው ንባብ ግን ከትናንት በስቲያ ረቡዕ የተቀዳ ነው፤ አፑ ቀኑን ይጽፋል። ታብሌቱ ትናንት እዚህ መጥቷል። ያመጣኸውም አንተ ነህ።»



ሥርጉት ታብሌቱን ነካች። አንድ ቀጭን ድምፅ «ሱመያ» ብሎ ስሙን ተናግሮ አነበበ። ቀጥሎ «ሐሊማ»። ቀጥሎ «ዓሊዪ»። ከእያንዳንዱ በፊት አየር በአፍንጫ ሳብ ይላል።

«ሠላሳ ስምንቱንም ያነበብከው አንተ ነህ። ነስሮም ትናንት ሰምቶ ደረሰበት።»

«ስድስት ናቸው የሚመጡት» አለ ሙሳ። «ሌሎቹን ወላጆቻቸው ጫት ቆረጣ ወስደዋቸዋል። ከሃያ ካነሱ ክፍሉ ይዘጋል ተባልኩ። ስድስቱስ የት ይሂዱ? ብዬ በሁሉም ስም አነበብኩ። ነስሮ ‹እውነቱን አመለክታለሁ፣ ያኔ መፍትሔ ይፈለጋል› አለኝ። ለመንኩት። ታብሌቱን ጋዎኑ ውስጥ ከተተው። ልነጥቀው ብዬ ገፋሁት… አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ወላሂ። ሽቦውን አስጨብጬው ታብሌቱን ከጋዎኑ ላወጣ ስል የአባባን ሳል ሰማሁ፤ በጓሮ በኩል አጥር ዘልዬ ወጣሁ።»

«ይተነፍስ ነበር?» አለች ናፊያ። ከትናንት ወዲህ ሳትጠየቅ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

ሙሳ ወለሉን አየ። «አላውቅም። አላየሁም።»

ሥርጉት ሰዓቱን ጻፈች፤ ዘጠኝ ከሃያ። ልታዝን እንደሚገባት ታውቃለች፤ ለሟቹም፣ ለዚህም ሰው። ሐዘኑን ፈለገችው፣ አላገኘችውም። ካቴናውን አወጣች።

ሙሳ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ከኪሱ አንድ የዛገ ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ሰኞ ስድስቱ ይመጣሉ» አለ። «የሚከፍትላቸው የለም።»

ወይዘሮ ለተማርያም ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ። አባባ አሕመድ በሹክሹክታ ዱዓ ያደርጋሉ።

ናፊያ ተነሣች። ሙሳን አላየችውም። ቁልፉን አነሣችና «የሶፊ መኪና ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» ብላ አባባን ጠየቀች።