በፒያኖው አልበም ላይ የምታንጎራጉረው ሴት

ይህ ታሪክ በእውነት የሆነ ነው... በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ምን ሊያተርፍ ይዋሻል?

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ፀሐይ በመስኮቴ ገብታ የካሴት መደርደሪያዬን እያሞቀችው ነበር። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ፣ መብራት አልጠፋ። እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ስለ አልበም የምጽፈው ነጭናጫው ሽማግሌ ነኝ። ከበሮውን ማሽን የመታው አልበም ለኔ አልበም አይደለም፣ የግድግዳ ሰዓት ነው። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ካልተሰማኝ ደግሞ "ኧረ ሰውየው ደህና ነው?" ብዬ እጽፋለሁ። የዘንድሮ ገምጋሚዎች በዚህ ይስቁብኛል። ይሳቁ! ግማሾቹ አልበሙን ሳይጨርሱ ነው ነጥብ የሚሰጡት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከነሱው ጋር በድምጽ ብቻ በሚተላለፍ ቀጥታ ስርጭት እንገናኛለን። ኢንተርኔት ላይ የማይገኙ የድሮ አልበሞችን እኔ ከካሴት አጫውታለሁ። ማይኬን ድምጽ ማጉያው ፊት እተክለዋለሁ፤ እነሱ የራሳቸውን ማይክ ዘግተው ያዳምጣሉ። አልበሙ እስኪያልቅ መናገር ክልክል ነው። አስተያየት በጽሑፍ ብቻ።

ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ። አንዷን "መርፌ" እንላታለን፤ ስታመሰግን እንኳ የምትወጋ ልጅ ናት። ሌላው "አስር ካስር" ነው። የጥርስ ሐኪም ነው፤ ለሰማው ሁሉ አስር ይሰጣል።

"አንተ እኮ ለመኪና ጡሩምባም አስር ትሰጣለህ" እለዋለሁ።

"እንደ ጡሩምባው ነው ጋሼ" ይለኛል።

ያን ቀን የመረጥኩት የፒያኖ አልበም ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ፒያኖ። ዘፋኝ የለ፣ ተቀባይ የለ። ባለቤቴ ከሁሉም አብልጣ የምትወደው አልበም ነው።

ባለቤቴ ካረፈች ዓመት አልሞላትም...

ቤቴ የሰው ድምጽ ሞልቶታል፤ የሷ ግን የለኝም። ማይክ ስታይ ትሸሽ ነበር። "እኔን ደግሞ ምን ብለህ ልትቀዳ!" ብላ እየሳቀች ወደ ጓዳ ትገባለች። አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነቃ ድምጿ እንዴት እንደነበር ይጠፋብኛል። ያኔ ትራሴን ነክሼ እንደ ሕፃን አለቅሳለሁ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ብሰማት ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ካሴቱን አስጀመርኩ።

ሁለተኛው ሙዚቃ ላይ መርፌ ጻፈች። "ጋሼ፣ የምታንጎራጉረው ማናት? የላኩልን ሽፋን ላይ ስሟ የለም።"

ሳቅኩ። "ፒያኖ ብቻ ነው ያለው። ጆሮሽን ታጠቢ" ብዬ መለስኩላት።

አስር ካስር ገባ። "እኔም እየሰማኋት ነው። ለሷ ብቻ አስራ አንድ ሰጥቻለሁ።"

ከዚያ ሌላው... ከዚያ ሌላው...

ሁሉም ሰምተዋታል።

ጆሮዬን ድምጽ ማጉያው ላይ ለጠፍኩ። ፒያኖ። ይህን አልበም እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ። ሴት የለችበትም።

መርፌ ደግማ ጻፈች። "ነጥብ እቀንስባታለሁ። ከፒያኖው ትቀድማለች። ዜማው ሳይመጣ እሷ ትደርሳለች።"

ክው አልኩ።

ባለቤቴ እንዲያ ነበረች... የምትወደው ቦታ እስኪመጣ መጠበቅ አትችልም። ተጫዋቹን ጥላው ትሄዳለች። "ኧረ ሰውየውን ጠብቂው!" ስላት፣ "ይድረስብኛ!" ትለኝ ነበር።

ካሴቱን አቆምኩት።

ክፍሉ ጸጥ አለ።

አስር ካስር ጻፈ... "ፒያኖውን ለምን አጠፉት? እሷ እኮ ቀጥላለች።"

ዞርኩ። መደርደሪያው፣ ወንበሩ፣ ፀሐዩ። ሌላ ምንም የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።

ከኮምፒውተሩ ጋር በተያያዘው ማዳመጫዬ ውስጥ ኮሽ አለ። መርፌ ሕጉን ጥሳ ማይኳን ከፍታለች።

"ጋሼ..." አለች በሹክሹክታ። "ከጀርባዎ የምትሰማው ማናት?"

"ማንም።"

"ማንጎራጎሯን ተወች። አሁን እያወራች ነው።"

"ምን ትላለች?"

ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁት።

"ልጄ፣ አፈር ስሆን... ምን ትላለች?"

"'ሐያሲው' ትላለች... 'ሐያሲው፣ ሻይህ ቀዘቀዘ'።"

 ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። ሐያሲው የምትለኝ ስታሾፍብኝ ነው፤ እቤት ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን።

ፈራሁ? አዎ፣ ፈራሁ። ከፍርሃቱ የባሰው ግን ቅናቱ ነበር። አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ይሰሟታል... ዕድሜዬን አብሬያት የኖርኩት እኔ ግድግዳ አያለሁ።

"ሌላስ?"

"ጋሼ፣ ይቅርብዎ..."

"ንገሪኝ!"

መርፌ እያለቀሰች ነበር። "'ስጠራህ ምነው አትመልስልኝም? ምን አስቀየምኩህ?' ትላለች።"

 አለሁ ልላት አፌን ብከፍት እንባ እንጂ ቃል አልወጣኝም። አፌን በእጄ አፍኜ፣ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። ምናልባት... ምናልባት ትንሽ ብትሰማኝ...

ምንም።

"እሰይ!" አለች መርፌ፣ አፍንጫዋን እየሳበች። "መለሱላት።"

እጄ አሁንም አፌ ላይ ነበር።

"እንዴት ደስ አላት ጋሼ... እርስዎም ሲስቁ እንዲህ ነው እንዴ?"

"እኔ አይደለሁም!" አልኩ። "ማነው የመለሰላት?"

አልሰማችኝም።

"አብረው እያንጎራጎሩ ነው" ብሎ አስር ካስር ጻፈ። "ጋሼም ይቀድማሉ ለካ!"

ማይኩን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። "እኔ አይደለሁም! እኔ እዚህ ነኝ! እንዳትሄድ ያዙልኝ!"

"እየሄዱ ነው መሰለኝ" አለች መርፌ፣ ቀስ ብላ። "ኮቴ ይሰማኛል... የሁለት ሰው ኮቴ... በር ተዘጋ።"

የኔ በር ንቅንቅ አላለም።

 ከዚያ...

"ጋሼ? አሉ?"

"አለሁ! አለሁ ልጄ!"

"ሄደዋል" አለች ለሌሎቹ። "ማይኩን ክፍት ትተውት ነው የሄዱት።"

አንድ በአንድ ወጡ።

እሷ የልቧ ደርሷል። በኔ ድምጽ ባሏ መልሶላት፣ ይዟት ሄዷል። እኔ ግን እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስሟን ጠራሁ፣ ጮህኩ፣ እዬዬ አልኩ... ኮምፒውተሩ ላይ፣ ማይኩ ድምጽ በሰማ ቁጥር የምትዘለው አረንጓዴ መስመር ግን ቀጥ ብላ እንደተጋደመች ነበረች።