ያልተመረጠው መስታወት

አስከሬኑን ያገኙት ረቡዕ ጠዋት እንጦጦ ላይ ሲለማመዱ የነበሩ ሁለት ሯጮች ናቸው። ኢንስፔክተር ሰገነት ስትደርስ ሟቹ ከገደሉ ሥር፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በሸፈነው ድንጋይ ላይ ተንጋለው ነበር። ከላይ አፋፉ ላይ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የተተከለ ትልቅ የእንጨት ካሜራ ከተማዋን ቁልቁል እያየ ቆሟል።

ሟቹ አቶ ሂርጳ ይባላሉ። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የካራ ሰፈር ሰው፣ የገበሬ ልጅ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ።

ሰገነት ገና ጓንቷን ሳታወልቅ አለቃዋ ደወለላት።

«ሽማግሌው ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ወደቁ። አደጋ ነው። ፋይሉን እስከ ዓርብ ዝጊው።»

«ካሜራው ፊቱን ወደ ገደሉ ነው ያዞረው። ፎቶ አንሺ የሚቆመው ከካሜራው ኋላ ነው። ወደ ኋላ ቢያፈገፍጉ የሚያገኙት መንገዱን ነው፤ ገደሉን አይደለም።»

«ሰገነት፣ ሬሳ ባየሽ ቁጥር ነፍሰ ገዳይ አትፈልጊ።»

«እስከ ዓርብ ብለዋል። እስከ ዓርብ ጊዜ አለኝ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ከካሜራው ኋላ የመጽሐፍ ገጽ የሚያህል ደብዛዛ መስታወት ተገጥሟል። ጎንበስ ብላ አየችው። ከተማዋ ተገልብጣ፣ ሰማዩ ከታች፣ ቤቱ ከላይ ሆኖ ይታያል። መሐሉ ቦግ ብሏል፤ ጥግ ጥጉ ጨልሟል። በጣቷ ነካ ስታደርገው በእሷ በኩል ያለው ገጽ ሻካራ ነው። ከዚያ ጥቁሩን ጨርቅ ቀስ ብላ አራገፈች። ከእጥፋቱ ውስጥ ጥፍር የምታህል የመስታወት ስባሪ ወደቀች። በሻካራ ገጿ ላይ ቀጭን የእርሳስ መስመር አለ። ካሜራው ላይ ያለው መስታወት ግን አልተሰበረም፤ መስመርም የለውም። ቦርሳው ውስጥ ሌላ አንድ መስታወት በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ሰገነት ስባሪዋን ፖስታ ውስጥ ከተተቻት።

የአቶ ሂርጳ ብቸኛ ልጅ ዳርቱ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ናት። ካራ፣ ከቤታቸው ጓሮ ባለችው የአባቷ ሥራ ክፍል ውስጥ ኢንስፔክተሯን ተቀበለቻት። እንባዋ ደርቋል።

«መስታወቱን በእጁ ነው የሚሠራው» አለች። «ተራ የመስኮት መስታወት ይቆርጣል፤ ውሃና ደቃቅ የቢላ መሳያ ዱቄት አድርጎ ያሻሸዋል። የሚሻክረው አንዱ ገጽ ብቻ ነው። ምስሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቸግረው?»

«ዱቄቱ ሻካራ ከሆነ ምስሉ ይደበዝዛል። በጣም ከላመ ደግሞ መሐሉ ቦግ ይልና ጥጉ ይጨልማል። አባዬ በዚህ ወር ሦስት ሠራ። አንደኛው ሻካራ ሆነበት። ሁለተኛው ላመበት፤ ‹ሲያዩት ያምራል እንጂ ይዋሻል› አለ። የመረጠው ሦስተኛውን ነው። ዓይኑ ስለደከመ፣ ፎቶው ላይ ቤቱ ሁሉ እንዳይጋደልበት ብሎ በእርሳስ መስመር አሰመረበት። ዕድሜውን ሙሉ መስመር አሰምሮ አያውቅም። ትናንት ማታ ነው የጨረሰው።»

«ዛሬ ጠዋት የትኛውን ይዘው ወጡ?»

«ሦስተኛውን ገጥሞ ነው የወጣው፤ አይቼዋለሁ። ሁለቱን ለመጠባበቂያ ቦርሳው ውስጥ ከተታቸው።»

ሰገነት ማስታወሻዋን ገለጠች።

«ጎረቤቶች ትናንት ማታ ስትጯጯሁ ሰምተዋል።»

ዳርቱ ፊቷን አዞረች። «የቤት ጉዳይ ነው። ከፈለጉ ይሰሩኝ፤ እሱን ግን አልነግርዎትም።»

ሰገነት ከካራ ወደ ሾላ ገበያ ወረደች። እዚያ የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው አቶ ከድር ካሜራውን በእጃቸው የሠሩ፣ የሟቹ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ናቸው። ነገር ግን ወር ሙሉ አልተነጋገሩም።

«‹መስታወቱን የሚይዘው ክፈፍህ ብርሃን ያስገባል› ብሎ በሰው ፊት አዋረደኝ» አሉ። «ተኳረፍን።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። ማንም አላየኝም፤ እንግዲህ ምን ላድርግ? ክፈፉ ግን ብርሃን አያስገባም! አሁንም አያስገባም!» አሉና ፊታቸውን በሁለት መዳፋቸው ሸፈኑ።

ቀጥላ የሄደችው አያት ሰፈር ነው። እዚያ ሰፊ ስቱዲዮ ያለው ኢዛና አርባ ዓመቱ ነው፤ የቴሌቪዥን ተመልካች ሁሉ ያውቀዋል። ቅዳሜ የሚከፈተው የኤግዚቢሽኑ ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፦ «የካራ ፊቶች»፣ በትልቅ ካሜራ የተነሱ የአርባ አዛውንቶች ምስል።

«ጋሼ ሂርጳ መምህሬ ነበሩ» አለ ኢዛና። «በዓይን ካየኋቸው ወር አልፎኛል። ማክሰኞ ማታ ደውለው እንኳን ደስ አለህ ብለውኛል። በቃ።»

«ጠላት ነበራቸው?»

«ጠላታቸው ግትርነታቸው ነበር። ሌላው ዓለም ብራይት ስክሪን የሚባለውን የፋብሪካ መስታወት ይገዛል፤ እስከ ጥጉ ክሊር ነው። እሳቸው የመስኮት መስታወት ይፈትጋሉ። በዚያ ላይ በእርሳስ መስመር ይሞነጫጭሩበታል! ገና ሲነጋጋ በዚያ ምን ይታያል?»

ሰገነት ማስታወሻዋ ላይ አንድ ቃል ጻፈች። «አውራ ጣትዎ ምን ሆኖ ነው በፋሻ የተጠቀለለው?»

«ፍሬም ስቆርጥ።»

ዓርብ ሣልስቱ ነበር። ከሰዓት በፊት አለቃዋ ሁለቴ ደወለ፤ ሁለቴም አላነሳችም። በጓሮው ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው ተቀምጦ ሳለ ሰገነት ሦስቱን ሰዎች የሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ። ጠረጴዛው ላይ ካሜራው መስታወት ሳይኖረው ተቀምጧል፤ አጠገቡ ሁለቱ መስታወቶች አሉ።

«አቶ ኢዛና፣ ከእርስዎ እንጀምር። አንዱን መርጠው ይግጠሙልኝ።»

«ፈተና ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«አርባ ሰው በዚህ ዓይነት ካሜራ ላነሳ ሰው ምን ፈተና አለው?»

ኢዛና ሁለቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳቸው። የላመውን፣ የሚያበራውን መረጠ። ክፈፉ ውስጥ አስገባና መያዣዎቹን ተጫናቸው።

«ገለበጥከው!» አሉ አቶ ከድር፣ ሳያስቡት ከወንበራቸው ተነስተው።

«ያብራሩልኝ፣ አቶ ከድር» አለች ሰገነት።

«ሻካራው ገጽ ወደ ሌንሱ ነው መዞር ያለበት። ምስሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነዋ! ፊልሙም በኋላ የሚገባው ልክ እዚያው ርቀት ላይ ነው። ከገለበጥከው በመስታወቱ ውፍረት ያህል ትስታለህ። ለዓይንህ ጥርት ይላል፤ ፊልሙ ግን ይደበዝዛል። በዚህ ካሜራ አንድ ቀን የሠራ ሰው ይህን አይስተውም።»

ሰገነት ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

«ረቡዕ ጠዋት ያገኘሁት ይኸው መስታወት ነው፤ ያውም ልክ አሁን እንደተገጠመው ተገልብጦ። አቶ ሂርጳ ይዋሻል ያሉት መስታወት ነው። እሳቸው አልገጠሙትም። እሳቸው ገጥመው የወጡትን ሦስተኛውንማ ዳርቱ አይታዋለች። የት ሄደ?» ፖስታውን ከፍታ ስባሪዋን አወጣች። «ተሰብሯል። ይቺ ጨርቁ እጥፋት ውስጥ ቀርታ ነበር። ሌላውን ስብርባሪ ትናንት ከገደሉ ሥር ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ለቀምነው። አንዱ ላይ ደም አለበት። ለምርመራ ተልኳል።»

ኢዛና አውራ ጣቱን ወደ መዳፉ አጠፈ።

«አፋፉ ላይ ግብግብ ነበር። መስታወቱ ተሰበረ፤ አቶ ሂርጳ ተገፉ። ገዳዩ ካሜራው ባዶውን ከተገኘ ጠብ እንደነበረ እንደሚያስታውቅ ገባው። ስብርባሪውን ለቅሞ ወረወረ፤ ከቦርሳው ውስጥ ሲያዩት የሚያምረውን መርጦ ገጠመ። ዳርቱ ከልጅነቷ ጀምሮ መስታወት ስትፈትግ አድጋለች። አቶ ከድር ክፈፉን ሠርተዋል። ሁለቱም አይገለብጡትም።»

«ቸኩዬ ነው! ሰው አይሳሳትም?»

«ይሳሳታል። የእርሳሱን መስመርስ? ወር ሙሉ ካላዩዋቸው ማክሰኞ ማታ የተሰመረ መስመር የት አዩ?»

«በስልክ ነገሩኝ!»

«ዋሽተሃል» አለች ዳርቱ። ከወንበሯ ተነስታ ቀጥ ብላ ቆመች። «ያሰመረው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው። ንዴቱ እስኪበርድለት ቁጭ ብሎ ሲያሰምር እኔ እዚህ ነበርኩ።» ወደ ሰገነት ዞረች። «ፎቶዎቹ የአባቴ ናቸው። አብረን እናሳያቸዋለን ብሎ ኔጌቲቩን ወሰደበት። ማክሰኞ ማታ በቴሌቪዥን ‹ያነሳኋቸው እኔ ነኝ› ሲል ሰማነው። አባዬ ደወለለት። ‹ጠዋት እንጦጦ ነኝ፤ መጥተህ ዓይኔን እያየህ ድገመው› አለው። እኔ ግን ፈራሁ። ታዋቂ ሰው ነው፣ ተወው አልኩት። ተጯጯህን። ዝም በል አልኩት! የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው። ለዚህ ነው ያልነገርኩዎት።»

«ዝም አላሉም» አለች ሰገነት በለሆሳስ። «ተወው ያልሻቸውን አልተቀበሉም።»

ኢዛና ከጠረጴዛው ራቀ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል።

«እሺ፣ ገፋሁት። ካሜራውን ልወስድበት ስል ያዘኝ፤ ገፋሁት። ፎቶዎቹ ግን የእኔ ሆነው ይቀራሉ። አገር የሚያውቀው እኔን ነው። አንዲት የገበሬ የልጅ ልጅና አንድ አናጢ ቢጮኹ ማን ያምናችኋል?»

ዳርቱ ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከድንኳኑ ውስጥ የካራ አዛውንቶች በነጠላቸው ተጠቅልለው ወደ እሷ ዞሩ።

«እማማ አስያ፣ አንዴ ይምጡልኝ።»

አንዲት ቀጭን አሮጊት በምርኩዛቸው ተደግፈው መጡና ደፉ ላይ ቆሙ።

«ይህን ሰው ያውቁታል?»

እማማ አስያ ኢዛናን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። «አላውቀውም። ምን አጥፍቶ ነው?»

«እርስዎን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ ይላል።»

«እኔን?» አሉ እማማ አስያ፤ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱት። «እኔን ያነሳኝ ሂርጳ ነው! ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ፣ ቀና በይ፣ አትርገብገቢ እያለ ያንገላታኝ። ይሄኛው ያን ጊዜ የት ነበረ? የጠራችሁበት ድረስ ሄጄ እናገራለሁ።»

«እኔንም!» አለ ከድንኳኑ ውስጥ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

«እኔን ከበሬዎቼ ጋር!»

ሰገነት ማስታወሻዋን አዲስ ገጽ ላይ ገለጠች። ለእማማ አስያ ወንበር ሳበችላቸው።

«ይቀመጡ፣ እማማ። ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ።»

ኢዛና በካቴና ታስሮ በጓሮው ሲወጣ ለምስክርነት የቆመው ሰልፍ ከድንኳኑ አልፎ አጥሩ ድረስ ደርሶ ነበር። መንገድ የለቀቀለት አንድም ሰው አልነበረም፤ በአዛውንቶቹ መካከል እየተሽሎከለከ አለፈ።