በከሰል የተጻፈ ስም

በአዝመራን መንግሥት፣ በቀርበን ተራራ አናት ላይ ከአባት ከአያት ዘመን ጀምሮ ሲነድ የኖረው ታላቁ ፋኖስ ጠፋ። በመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ ጠባቂው አንቀላፍቶ ነው አለ። በሦስተኛው ቀን ጉሙ ከተራራው መውረድ ጀመረ። በሰባተኛው ቀን ሁለት እንጨት ለቃሚዎች ጉሙ ውስጥ ገብተው ቀሩ፤ ከተማውም ያን ጊዜ በጉም ውስጥ ይኖራል የሚባለውን፣ ሰው የሚበላውን የአድማጩን ነገር በሹክሹክታ ማንሳት ጀመረ።

በዚያው ጠዋት ሳርዊት ከሁለት ሌሎች ተከሳሾች ጋር በስም ዐለት ፊት ለፍርድ ቆማ ነበር። ከከተማው በር ፋኖስ አንድ ዋንጫ ዘይት ስትቀዳ ተይዛለች። በዐለቱ ላይ በመሮ የተቀረጸ ስም ከሰው ሁሉ አፍ ይጠፋል። እንዲህ የሆኑ ሰዎችን አይታለች፤ በገበያ መሀል ያልፋሉ፣ ማንም አይጠራቸውም፣ ውለው አድረውም ማን እንደነበሩ ራሳቸው ይረሳሉ።

ዳኛዋ እመት ቀጸላ ግን መሮውን ትተው ከሰል አነሡ።

«ሕጋችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሳተ፣ ጥፋቱም ትንሽ ለሆነ ሰው አንድ በር ይተዋል» አሉ። «ስማችሁን በከሰል እጽፈዋለሁ። የሰጠኋችሁን ሥራ ፈጽማችሁ ብትመለሱ በእጄ እጠርገዋለሁ፤ እንዳልተከሰሳችሁ ትሆናላችሁ። ባትፈጽሙ፣ ወይም ጥፋታችሁ የመጀመሪያ አለመሆኑ ቢገኝ፣ ጠራቢው ከሰሉን ተከትሎ ይቀርጻል። ሥራችሁ ይህ ነው፤ ዘይት ተሸክማችሁ የቀርበንን ፋኖስ አብሩ።»

«ወታደሮቹስ?» አለ ከሳርዊት ጎን የቆመው ድርባ፤ ጠጅ ቤት ውስጥ የሰው ጥርስ ያወለቀ ሸማኔ ነው።

«ወታደሮቹ አሞናል ብለዋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ሦስተኛው አያ ሙንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ የጎረቤታቸውን የድንበር ድንጋይ ሁለት እርምጃ ገፍተዋል። ሦስቱም መዳፋቸውን ዐለቱ ላይ አሳርፈው «ንጉሥ ይሙት፣ ሳናበራ አንመለስም!» ሲሉ ማሉ።

በቀርበን መንገድ ላይ ሦስት የኑዛዜ ድንጋዮች ቆመዋል። ስሙ በከሰል የተጻፈ ሰው በእያንዳንዱ ፊት ጥፋቱን፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ጓደኞቹ እየሰሙት መናገር አለበት። ጓደኞቹም ለችሎቱ ምስክር ናቸው። የመጀመሪያው ድንጋይ ገና ጉሙ ያልደረሰበት ፀሐይ ውስጥ ነበር።

«ወንድሜን እሳት ፈጅቶት፣ ለቁስሉ አንድ ዋንጫ ዘይት ወሰድኩ» አለች ሳርዊት። «አንድ ጊዜ ብቻ።» ድርባ ከንፈሩን መጠጠላት።

ሁለተኛው ድንጋይ ጉሙ ውስጥ ነበር። በዕድሜ የሚበልጡት አያ ሙንቴ ቀድመው ተናገሩ።

«እኔ እንግዲህ፣ ልጆቼ፣ ድንጋዩን እንዲያው አንድ እርምጃ ብትሆን ነው…»

«አያ፣ ሁለት አልነበረም እንዴ?» ሲል ድርባ ሳቀ። «ዳገቱን በወጣን ቁጥር መሬቱም ይጠባል ማለት ነው?»

ከሽማግሌው ጀርባ ጉሙ ተከፍቶ አድማጩ ወጣ። ፊት የለውም፣ ዓይን የለውም፤ ሰፌድ የሚያህል እርጥብ ጆሮ ብቻ ነው። ወደ አያ ሙንቴ አፍ ተጠጋ። «አንድ…» አሉ እንደገና። ድምፃቸው ወደ ጆሮው ገባ፤ ከዚያ እስትንፋሳቸው፤ ከዚያ እሳቸው። ከዘራቸው ብቻ ድንጋዩ ላይ ወድቆ ተንኳኳ።

ሁለቱ ሮጡ። በሳርዊት ጀርባ ላይ ዘይቱ ቅሉ ውስጥ ይንቦጫረቅ ነበር።

«የሚበላው ውሸት ነው» አለ ድርባ እያለከለከ። «እኛ ምን አለብን? የእኔን ነገር አገር ያውቀዋል። ያንቺም አንድ ዋንጫ ናት።»

ሳርዊት ቅሉን አጥብቃ ይዛ ዳገቱን ቀጠለች።

ሦስተኛው ድንጋይ የፋኖሱ ግንብ ደጃፍ ነው፤ የመጡት ሁሉ ሳይናዘዙ በሩ አይከፈትም።

«አንድ ሰው፣ አንድ ጥርስ፣ በቡጢ» አለ ድርባ። «አልሰደበኝም። በዳማ ስላሸነፈኝ ነው።»

ተራው የሳርዊት ሆነ። የአድማጩ ቅዝቃዜ ማጅራቷ ላይ ተሰማት። ብትዋሽ ትበላለች። ዝም ብትል በሩ እንደተዘጋ ይቀራል፣ ጉሙም ከተማው ይገባል። እውነቱን ብትናገር ምስክሩ አጠገቧ ቆሟል።

«ወንድም የለኝም» አለች።

«ምን?»

«ወንድም የለኝም። አንድ ጊዜም አይደለም፤ አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ሸጬው ይህን ጫማ ገዛሁ፣ የቀረውን በላሁበት። የተያዝኩት ነው አንድ ጊዜ።»

ጆሮው ጉንጯን ነካት፤ እንደ ሞተ ዓሣ ይቀዘቅዛል። ከቃሏ ላይ የሚለቅመው ነገር ፈልጎ ቆየ። ሽንቷ አመለጣት፣ ግን አልተንቀሳቀሰችም። አድማጩ አጥቶ ሲያፈገፍግ በሩ ተከፈተ።

ዘይቱን አፈሰሱ፤ እሳቱን ለኮሱ። ብርሃኑ ጉሙን እንደ ማጭድ አጨደው፤ አፍ የሌለው ነገር ከሥር ጮኸ። ከተማው ነጋሪት መታ።

ሲመለሱ እመት ቀጸላ ዐለቱ ሥር ይጠብቁ ነበር። «በድንጋዮቹ ፊት የሰማኸው፣ እኔ በችሎት ከሰማሁት ይለያል?» ብለው ድርባን ጠየቁት።

«የአያ ሙንቴ ብቻ፣ እመት» አለ ድርባ ሳያመነታ። «የእሷ አይለይም።»

ዳኛዋ የድርባን ስም በመዳፋቸው ጠረጉት። እጃቸው ወደ ሳርዊት ስም ሄደ።

በሐሰት መመስከር ሁለተኛ ጥፋቱ ነው፤ አንድ ቀን ቢታወቅ ለእሱ ከሰል ዳግመኛ አይነሣም። ሳርዊት ይህን ታውቃለች። ዝም ልትል ትንሽ ቀርቷት ነበር።

«እመት፣ እጅዎን ይመልሱ» አለች። «ለእኔ ብሎ ነው፤ ቃሉን ሳይጽፉት ያንሣ። አሥራ አንድ ጊዜ ነው።»

«ዝም ብትዪ እኮ ጠርጌው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እሱ በእኔ ጥፋት ይቀረጽ?»

እመት ቀጸላ ድርባን አዩት። ድርባ መሬት መሬት እያየ ቃሉን አነሣ። ጠራቢው መሮውን አቀና። በየምቱ የሳርዊት ትከሻ ይዘል ነበር።

«ሳርዊ…» ብሎ ድርባ ጮኸ። የመጨረሻው ፊደል ተቀረጸ፤ አፉ ተከፍቶ ቀረ፣ የሚለው ጠፋው።

ልጅቷ ቅሉን ዘይት ሞልታ አነሣች። የቀድሞው ጠባቂ ስለ ጠፋ ፋኖሱ ጠባቂ አልነበረውም፤ ከነገ ወዲያም ዘይት ይጨርሳል። ማንም ሳይጠራት የተራራውን መንገድ ያዘች።