ውሻው ጨዋ የነበረበት ሰሞን

አዛውንቱ ሰኞ ጠዋት በጓሮው በር ደፍ ላይ፣ በፕላስቲክ ወንበራቸው እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ባርኔጣቸው ከራሳቸው አልወደቀም። ከእግራቸው ሥር አንድ ሰማያዊ ኩባያ ነበር፤ ከኩባያው ጎን ደግሞ ጥቁሩ ውሻ ተዘርግቶ ተኝቷል። ያገኘቻቸው ልጃቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። ያሳጠረችላቸውን ሱሪ ይዛ መጥታ፣ በዚህ ፀሐይ ለምን ይቀመጣሉ ብላ ለጥቂት ጊዜ ተቆጣቻቸው። ዝም ሲሏት ነው የደነገጠችው፤ ሰው ተቆጥቷቸው ዝም ብለው አያውቁምና።

ሐኪሙ የልብ ሕመም ነው ብሎ ሊፈርም ሲል ልብስ ሰፊዋ እስክሪብቶውን ያዘችበት። አባቷ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ናቸው፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዲህ በዋዛ አይሞትም፤ ደማቸው ይመርመር አለች። ተመረመረ። ውጤቱ ሐሙስ ሲመጣ ከሐኪሙ ይልቅ እሷ ልክ ሆና ተገኘች። የልባቸውን ምት ያረጋጋ ዘንድ የታዘዘላቸው መድኃኒት ከደማቸው ውስጥ ቅንጣት ታህል አልነበረም። እንዲህ ያለ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ ደካማ ልብን ሊያቆም እንደሚችል ሐኪሙ በራሱ እጅ ጻፈ። ብልቃጡ ሲታይ ግን ፍሬዎቹ በቀኑ ልክ ጎድለዋል። በየማለዳው አንድ ፍሬ ከብልቃጡ ይወጣል፤ አዛውንቱ ዘንድ ግን አይደርስም።

ብልቃጡን የምትይዘው አንድ ሰው ብቻ ናት፤ ምራታቸው። ሥራዋም መድኃኒት ቤት ነው።

ጉዳዩ ለመርማሪዋ ተሰጠ። የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ድምጿ አይሰማም፤ የወጋችው ሰው የሚያውቀው ቆይቶ ነው። አለቃዋ መዝገቡ አርብ ማታ ለዐቃቤ ሕግ እንደሚሄድ፣ ምራቲቱም ያን ጊዜ እንደምትያዝ ነገራት። መርፌ እሺ አለችና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ሄደች።

በሩን ስታንኳኳ ቀድሞ የተቀበላት ውሻው ነው። ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ደረቷ ላይ ወጣ፣ ከዚያም አንድ ጫማዋን ይዞ ሶፋው ሥር ገባ። የቤቱ አባት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነው። እየተሳቀቀ ጫማውን ሊያስጥል ተንበረከከ።

«ይቅርታ ያድርጉልን» አለ ከሶፋው ሥር። «እንዲህ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ የሚተኛ ጨዋ ውሻ ነበር። ሚኒስትር ብለው ስም ያወጡለት አባቴ ናቸው፤ ምንም ሳይሠራ ይከበራል ብለው። እሳቸው ከሞቱ ጀምሮ ነው ያበደው። ሐዘን ነው።»

መርፌ በአንድ ጫማ ቆማ ውሻውን ተመለከተችው። በሥራዋ ብዙ ሐዘንተኛ አይታለች። የሚተኛ አይታለች፣ የማይበላ አይታለች። ጫማ ይዞ የሚፈነጭ ግን አላየችም።

ቤቱን እያየች ከእያንዳንዱ ጋር ተቀመጠች። ልጆቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሻ ሲለምኑ ኖረው ከወር በፊት እንደተገዛላቸው ተነገራት። የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር፤ ውሻው ደረጃው ሥር ተወሽቆ ይጮሃል፣ እህል አይቀምስም። ሾፌሩ እስከ ቅዳሜ ካልበላ ይመለሳል ብሎ ቆረጠ። ቅዳሜ በላ። በማግስቱ ፀጥ አለ። መርፌ እንግዲህ ማን አለመደው ስትል ሁሉንም ጠየቀች፤ ለወሬ ያህል ይመስል ነበር። ሾፌሩ ቆፍጠን ያለ ድምፁ እንደሆነ ነገራት። እናትየው ትዕግሥት ነው አለች። «ዳኛው» የሚባለው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከአንገቱ የማይለየውን ፊሽካ አሳያት። ልብስ ሰፊዋ እንኳ አንድ ቀን በጫማዋ እንዳስፈራራችውና ከዚያ ወዲህ እንደተስተካከለ አልደበቀችም።

ምንም ድርሻ ያልጠየቀች አንዲት ሰው ናት፤ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ። አያቷ «ጠጠር» ይሏታል፤ ትንሽ ስለሆነችና ስለማትሰበር። ማታ ማታ ከውሻው ጋር ደረጃው ሥር ትተኛ የነበረው እሷ እንደሆነች ወንድሟ ለመርፌ ነግሯታል።

«አንቺስ?» አለቻት መርፌ። «ያለመድሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

ጠጠር የውሻውን ጆሮ ማሻሸት ቀጠለች። መርፌ ጥያቄውን አልደገመችም።

ዳኛው ዕቃ አጣቢ ነው፤ የቤት ሥራ ድልድሉ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ተራው ሲዛባ ለፍርድ የሚቀርበውም እሱ ዘንድ ነው። ከአያቱ ዕቃ ጋር ምን ችግር እንደነበረበት ስትጠይቀው፣ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የአያቱ የእርጎ ኩባያ የሚቀል እንደሆነ አስረዳት፤ በተለይ ሰሞኑን ሳይታጠብ ቢሰቀልም የሚያውቅ አይኖርም። ማንኪያውማ ጭራሽ የታጠበ ይመስላል። ማቀዝቀዣው ላይ ከድልድሉ ጎን የውሻው የክትባት ካርድ ነበር። መርፌ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበችው፣ ስልክ ቁጥሩንም ገለበጠች።

አዛውንቱ መድኃኒት እንዴት ነበር የሚወስዱት ብላ ስትጠይቅ እናትየው ወዲያው መለሰች፤ ጠዋት ጠዋት ራሳቸው በውሃ ይውጡት ነበር አለች። ሾፌሩም ራሱን ነቀነቀ። ዳኛው ግን ሳል ያዘው፤ መርፌ በኋላ ብቻውን ጠየቀችው።

አርብ ጠዋት መርፌ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደች። ወረፋ ይዛ ተራዋ ሲደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ልጅዎ እንደሚለው አያቱ ፍሬውን አንዴ ግድግዳ ላይ፣ አንዴ አበባው ውስጥ ወርውረዋል። በውሃ ሲውጡ አይቶ አያውቅም።»

ሴትየዋ የያዘችውን ሣጥን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። 

«ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ አልወስድም አሉ። ቀኔ ሲደርስ እሄዳለሁ አሉ። ሁለት ዓመት እየፈጨሁ እርጎ ውስጥ አድርጌ ሰጥቻቸዋለሁ። ባለቤቴ አያውቅም። አባቴን እንደ ሕፃን ታያቸዋለሽ እንዳይለኝ ብዬ። እሳቸውም ቢያውቁ አይምሩኝም። ሁሉም ደህና ይሁን ብዬ ነው፤ ደግሞም ደህና ነበሩ።»

«ሰኞ ጠዋትስ?»

«በእጄ ፈጭቼ በእጄ ሰጥቻቸዋለሁ። ከደማቸው ውስጥ የት እንደጠፋ ነው አምስት ቀን የማስበው። ሌላ ነገር አላሰብኩም። እንደምታስሩኝም አውቃለሁ። ልጆቼ ግን ገደለች ተብሎ ሲነገራቸው...»

አልጨረሰችውም። ከኋላ ወረፋ የያዘ ሰውዬ ቶሎ በሉ አለ። እናትየውም እንባዋን በነጭ ጋዋኗ እጅጌ ጠርጋ የራስ ምታት መድኃኒት ሰጠችው።

በዚያው ዕለት ከትምህርት በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ሾፌሩ አውቶቡሱን ደጅ አቁሞ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ገብቷል። ልብስ ሰፊዋ ከወንድሟ ሚስት ፊት ለፊት፣ ከሁሉም ራቅ ብላ ተቀመጠች። ዳኛው ሶፋው ክንድ ላይ ነበር። መርፌ ጠጠርን ውሻውን ይዘሽ ጓሮ ተጫወቺ አለቻት፣ ከኋላዋም በሩን ራሷ ዘጋችው።

መጀመሪያ የእርጎውን ነገር አነሳች። በደንብ አስባበት ነበር፤ ይህን ሳይናገሩ የሚቀረውን መናገር አይቻልም። ሾፌሩ ሚስቱን አያት። ሚስቱ መሬት መሬት አየች።

«ልክ ነበርኩ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ብልቃጡም እርጎውም በእሷ እጅ ነው።»

«ይስሙኝ» አለች መርፌ። «አዛውንቱ ላይ የተገኘው ዕቃ ሲመዘገብ መነጽር፣ መሐረብ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ይላል። ማንኪያው ከሸሚዛቸው ኪስ ነው የተገኘው፤ ደርቆ፣ ንጹሕ ሆኖ። እርጎ የበላ ሰው ማንኪያውን ኪሱ አይከትም፤ ቢከትም ሸሚዙ ይነክራል። በዚያ ማንኪያ ያን ዕለት የበላ ሰው የለም። ኩባያው ግን እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር። በጣት ቢጠረግ መስመር ይተዋል። ይህ በምላስ ነው የተወለወለው።»

ዳኛው ቀስ ብሎ ወደ ጓሮው መስኮት ዞረ።

«ውሻው ከመጣ በሁለተኛው ቅዳሜ መብላት ጀመረ፤ በማግስቱ ፀጥ አለ። እናንተ ጨዋ ሆነ አላችሁ። ከሳምንት በኋላ ሲከተብ የእንስሳት ሐኪሙ ካርዱ ላይ የልብ ምቱ ዝግ ብሏል፣ ተከታተሉት ብሎ ጽፏል። ያላነበባችሁት ውሻው ስለተመቻችሁ ነው። አዛውንቱ ከሞቱ በኋላ እርጎ የሚሰጠው አጣ፤ በሁለተኛው ቀን መሮጥ ጀመረ። ዛሬ ጠዋት ያው ሐኪም መጥቶ አይቶታል። ልቡ እንደማንኛውም ቡችላ ይመታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የአዛውንቱን መድኃኒት የወሰደው እሱ ነው። እሳቸው መድኃኒት እንዳለበት አያውቁም፤ እርጎ ነው የሰጡት። እናትየው ደግሞ በልተውታል ብላ ነው የምታስበው። ገዳይ የለም።»

ሾፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አባቱ በሰው ፊት ውሻውን ሲራገሙ ነው የኖሩት፤ ይህ ፍጥረት ይውጣልኝ እያሉ። ለካ እንዲህ ነው ብሎ ለራሱ አጉረመረመ።

ልብስ ሰፊዋ ግን ቀጥ ብላ ተነሳች። ሐዘኗ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልግ ነበር፤ ገዳይ የለም ማለት ቦታ አይሆንም።

«ማን አየ?» አለች። «አባቴ ሲሰጡት ማን አየ? እሷስ ራሷ ለውሻው ብታቀርብለትስ? ማንኪያውን ኪሳቸው ብትከተውስ? መድኃኒት አዋቂ ናት። ይህን ዐቃቤ ሕጉ አይጠይቅም?»

 መርፌ መልሱን ከሐሙስ ጀምሮ ይዛዋለች። ግን ከጠጠር አፍ እንዳይወጣ ነበር በሩን የዘጋችው። ማስታወሻዋን ገልብጣ የማታነበውን ገጽ አነበበች።

የጓሮው በር ተከፈተ። ጠጠር ደፉ ላይ ቆማለች፤ ውሻው በሰንሰለቱ እየጎተታት ነው።

«እኔ አይቻለሁ» አለች።

«ጠጠር፣ ወደ ጓሮ...» አለች መርፌ።

«በየቀኑ አውቶቡስ ከመምጣቱ በፊት አይቻለሁ። ሚኒስትር ሊመለስ ሲል ጊዜ አለቀስኩ። አባባ ኩባያውን መሬት አስቀመጠለት፣ በላ። ከዚያ በየቀኑ። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። እናትሽ ደክማ የሠራችውን ለውሻ ሰጠ ብላ ታዝናለች፣ እንዳትነግሪያት አለኝ። ማንኪያውን ሚኒስትር እስኪጨርስ ኪሱ ይከተዋል፣ በኋላ የበላበት እንዲመስል ኩባያው ውስጥ ይመልሰዋል። እማዬ አልሰጠችውም። እማዬን አትውሰዷት።»

ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ ተቀመጠች።

ልጅቷ እናቷን አየች፣ ከዚያ ውሻውን አየች። ከበሩ ኋላ የሰማችውን ሁሉ አንድ በአንድ ስትገጣጥም ከፊቷ ይታወቅ ነበር። ማንም ሊያስቆማት አልቻለም።

«እማዬ፣ ብነግርሽ ኖሮ አባባ አይሞትም ነበር?»

ሾፌሩ ቶሎ ብሎ አይደለም፣ አይደለም ማለት ጀመረ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ መልስ ሁልጊዜ ዝግጁ ነበር። ሚስቱ በእጇ ምልክት አስቆመችው። ከወንበሯ ወርዳ ልጇ ፊት ተንበረከከች።

«ብትነግሪኝ ኖሮ ምናልባት ይተርፉ ነበር» አለች። «እኔም ለእሳቸው ብነግራቸው ኖሮ፣ ወይ ለአንቺ ብነግርሽ፣ ይተርፉ ነበር። ያንቺ ሚስጥር ትንሽ ነው፤ አደራ የተባልሽው ነው። የእኔ ግን ትልቅ ነው፣ የሰጠኝም የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን አይተርፉም ነበር ብዬ አልዋሽሽም።»

 ጠጠር ትንሽ አሰበች።

«አባባ መድኃኒት እንዳለበት አያውቅም ነበር?»

«አያውቁም ነበር።»

«ቢያውቅ አይሰጠውም ነበር» አለች። «ሚኒስትርን ያመዋል ብሎ።»

«አዎ» አለች እናቷ። «አይሰጡትም ነበር።»

ያን ጊዜ ልጅቷ አለቀሰች። ልብስ ሰፊዋ መጥታ ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሁለቱን አንድ ላይ አቅፋ የማንኛቸውን ጀርባ እንደምታሻሽ እንኳ አታውቅም ነበር። መርፌ መዝገቡን ከጉልበቷ ላይ አነሳች፣ የማንም ስም ሳይጻፍበት ከደነችው። ከዚያም እስኪበቃቸው ድረስ የውሻውን ሰንሰለት ይዛላቸው ጠበቀች።