ካላጠጡት የማያጠጣው ፓምፕ

ሽማግሌው ቻናን ሲንግ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ከእጅ ፓምፑ አጠገብ ሞቶ ሲገኝ ነጭ ጢሙ በውሃ ርሶ፣ ከንፈሩ ዳር አረፋ ደርቆ ነበር። አጠገቡ ባለው የገመድ አልጋ ላይ በግማሽ የቀረ ሻይ ቀዝቅዟል።

ኢንስፔክተር ማልኪያት ሲንግ ከባቲንዳ ከተማ የደረሰው ፀሐይዋ ከከረረች በኋላ ነው። ማልኪያት ተቀምጦ መመርመር የሚወድ ሰው ነው፤ ሲነሳ ወንበሩም «አብሬህ ካልሄድኩ» ብሎ ይታገለዋል። የዚያን ዕለት ግን ወንበር ቢቀርብለትም አልተቀመጠም። ሐኪሙ «የጥጥ ተባይ መድኃኒት ነው የገደላቸው» ብሎት ስለነበር አጎንብሶ የሟቹን ቀኝ እጅጌ አሸተተ።

«እጅጌ ምን ያደርግልዎታል?» አለ የሟቹ ወንድም ቡታ ሲንግ። «ገዳይዋ እዚያ ቆማለች። ሻዩን ያፈላው ማን ሆነና!»

ጣቱን የቀሰረው በሟቹ ልጅ በላክቪር ሚስት፣ በሲምሮ ላይ ነው። ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ አንድ እጇን በገፋው ሆዷ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ደጅ የቆመው የፖሊስ መኪና ማንን ሊወስድ እንደመጣ ሁሉም ገብቶታል። ልጇ እስር ቤት ሊወለድ ነው።

«ከአማችሽ ከባፑ ጋር ትጣሉ ነበር?» አላት ማልኪያት።

«በየቀኑ ነዋ፣ ሳሂብ! የወተቱ ማረር ጎረቤት ድረስ ሲሸት፣ እሳቸው ምድጃው ሥር ቁጭ ብለው ዝም። ‹ባፑ፣ አይሸትዎትም እንዴ?› ስላቸው፣ ‹ዕድሜ ልኩን መድኃኒት የረጨ አፍንጫ ምን ይሸተዋል› ይሉኛል።»

«ሻዩ በምን ውሃ ተፈላ?»

«ትናንት ቀድቼ ገንቦ ውስጥ ባሳደርኩት። ሁላችንም ከሱ ጠጥተናል። ባፑ ግን ጠዋት ጠዋት የገንቦ ውሃ አይነኩም፤ ከፓምፑ አፍ በመዳፋቸው ነው የሚጠጡት።» ድንገት ወደ አልጋው ዞረች። «ሂጂ ከዚህ! ይቺ ድመት ከሻዩ አልላቀቅ ብላ አረፈደች።»

ድመቷ አፏን እየላሰች ወረደች። ማልኪያት በዓይኑ ሸኛት፤ ድሎት ላይ ነበረች።

ከዚያ የፓምፑን እጀታ ይዞ ወዘወዘ። ተንቋቋ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም።

«ይሄ ፓምፕ እንደ ወንድሜ ነው፣ ነፍሳቸውን ይማርና» አለ ቡታ፤ «ካላጠጡት አያጠጣም። ውሃው በየዓመቱ ወደ ታች ይሸሻል፣ ትንሽ ካረፈ ውስጡ ያለው ቆዳ ይደርቃል። ከላይ ውሃ ካልጨመሩበት አይስብም።»

«ፓምፑ ሥር ያለው ይሄ ባልዲስ የማን ነው?»

«የኔ» አለ ላክቪር። «ትናንት ጥጡን ረጭቼ መርጫውን ያጠብኩበት ነው። እጣቢውን ጠዋት ቦይ ውስጥ እደፋዋለሁ ብዬ ተውኩት።»

«ደፋኸው?»

ላክቪር ባልዲውን አየ። «እኔ እንጃ... ባዶ ሆኖ ነው ያገኘሁት።»

ማልኪያት ወደ ቦዩ ሄደ። ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በፓምፑ ሥር ባለው ሲሚንቶ ላይ ግን ንቦች ረግፈዋል። ተመልሶ ሁሉንም ከኒሙ ሥር ሰበሰባቸው።

«ሻዩ ተመርዞ ቢሆን ሲምሮ ድመቷን አታባርራትም፤ ትቀብራት ነበር። ሻይ ደግሞ ጢም ቢያርስ እንጂ እጅጌን እስከ ክርን አያርስም። የባፑ እጅጌ ርሷል፣ መድኃኒትም ይሸታል። በመዳፋቸው ጠጥተዋል ማለት ነው። ለመጠጣት መጀመሪያ ፓምፑን ማጠጣት ነበረባቸው፤ እጃቸው አጠገብ የነበረው ይሄ ባልዲ ነው። እጣቢው ቦይ ውስጥ አልፈሰሰም፣ ቦዩ አቧራ ነው። ፓምፑ ውስጥ ገባ፤ ፓምፕ ደግሞ መጀመሪያ የሚተፋው የጠጣውን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸተው ነበር። እሳቸው አፍንጫቸውን ድሮ ለጥጡ ሰጥተውታል።»

ላክቪር መሬት ላይ ዘጭ አለ። «ባፑን እኔ ገደልኳቸው?»

«መርጫውን ፓምፕ ሥር የማያጥብ ማን አለ? ቡታ ሲንግ ጂ፣ እርስዎ በእጣቢ ባልዲ ፓምፕ አጠጥተው አያውቁም?»

«ያው... ጥቂት ብትሆን ነው እንጂ። ታች ስትደርስ ትጠፋለች ብለን ነው።»

«የት አባቷ ትጠፋለች? ታች ያለው ውሃ የሁላችሁም ነው። የባፑ ሚስት ካንሰር ይዟቸው ሆስፒታል በሚወስደው የበሽተኞች ባቡር የተሳፈሩት በየትኛው ባልዲ ሰበብ እንደሆነ እኔ አላውቅም። ማንም አያውቅም። ታዲያ ማንን ልሰር?»

የፖሊስ መኪናው እስረኛ ሳይጭን ሊመለስ ነው፤ ቡታም ሲምሮን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ማልኪያት ያኔ ወንበሩ ላይ ወደቀ። ሲምሮ እንደ ወጉ በብረት ብርጭቆ ውሃ አቀረበችለት።

«ከየት ነው?»

«ከአጎታችን ከቻቻ ቡታ ፓምፕ።»

ቡታ ሲንግ ጫማውን መመርመር ጀመረ።

«የመንደሩ የውሃ ማጣሪያ ቤትስ?»

«ማሽኑ ከቆመ ቆየ፣ ሳሂብ። አሁን የጎሽ ጭድ ነው የምናስቀምጥበት።»

ማልኪያት ብርጭቆውን ሳይቀምስ አልጋው ላይ አስቀመጠው። «አንቺም ይሄን እንዳትጠጪ፣ ልጄ።»

«እሺ፣ ሳሂብ። ታዲያ ምን ልጠጣ?»

አላሾፈችም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ለሁሉም ነገር መልስ ሲያገኝ የዋለው ሰውዬ ፓምፑን አየ፣ ደረቁን ቦይ አየ። ሲምሮ የታላቅ ሰው መልስ እንደሚጠበቅ በትዕግሥት ቆማ ጠበቀች። ሙቀቱ ይፋጃል። በመጨረሻ ሻርፗን ገለጥ አድርጋ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ እንዳደረገች፣ ብርጭቆውን አንስታ እስከ ጭላጩ ጠጣችው።