ባለክዳኗ ዕቃ

ፀደንያ የቃልአብን ሙሉ ፊት የምታየው ጠዋት ጠዋት፣ አንድ ጉንጭ ውሃ እስኪጠጣ ድረስ ብቻ ነበር። ሁለቱም ቲቢ ታማሚዎች ናቸው፤ ቦሌ አራብሳ ባለው ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ የሚዋጠው ነርሷ ፊት ነው። ቃልአብ ማስኩን ዝቅ ያደርጋል፣ ክኒኑን ይውጣል፣ ወደ እሷ ፈገግ ይልና መልሶ ይሸፈናል። ቀሪውን ቀን በዚያች ፈገግታ ትውላለች።

እሱ አያት ሰፈር በሚሠሩት ቤቶች ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ እሷ አትላስ አካባቢ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች። «ስንድን እዚያው አትላስ ምሳ እጋብዝሻለሁ» ብሏታል። የሱ ሰውነት ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ እሷ ግን እየከሳች ሄደች። መጀመሪያ ምሳው እንዳይቀር ፈራች፤ ኋላ ግን እንዳልሞት ብላ ፈራች።

ሲስተር ትበርህ ምክንያቱን ጠርጥራለች። «የአንጀት ትል ሊኖርብሽ ይችላል። ካለ ሰውነትሽ ሁለት ጠላት ነው የሚገጥመው፤ አቅሙ ይከፋፈልና ቲቢውን እንደሚገባው አይታገልም። ሰገራ አምጪ አላልኩሽም?»

«ረሳሁት፣ ሲስተር።»

አልረሳችም። ባለክዳኗ የናሙና ዕቃ ባዶዋን ቦርሳዋ ውስጥ ነበረች። ያንን ይዛ ቃልአብ ፊት ልታልፍ? ሞት ይሻላል! ሰው ሲያፍር፣ ሞት እውነትም እየቀረበ መሆኑን አያስብም።

«ፀዲ፣ ለምን አታመጪላትም?» አላት ቃልአብ፣ ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው። «ስትቆጣሽ እኮ ሁላችንም ሰማን።»

መሬት መሬቱን አየች። «አንተ እያየኸኝ?»

ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች፤ ያን ቀን ሳይሰነባበቱ ተለያዩ።

በማግስቱ ግን ከግቢው በር ጀምሮ አንዲት ባለክዳን ዕቃ እንደ ጧፍ ከፍ አድርጎ ይዞ መጣ። ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩት።

«ምንድነው እሱ?» አለች ደንግጣ።

«የኔ ነው። እኔንም መርምሪኝ ብዬ ሲስተርን ለመንኳት። አሁን ማንኛችን እንፈር?»

ማስኳ ስር ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ፣ ሳሉም እንባ አመጣ። ይህን ሰው እንደምትወደው ያኔ አወቀች።

በነጋታው የሷን አመጣች፤ ያውም በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ። እሷ ትል ተገኘባት፤ እሱ ምንም የለበትም ተባለ። በዚህም ሲኮራባት ከረመ። የትሉን ክኒን ከወሰደች በኋላ ምግብ ይጣፍጣት ጀመር፤ ሰውነቷም እያደር ተመለሰ።

ሕክምናዋን ጨርሳ ድነሻል የተባለች ቀን፣ ቀድሟት የጨረሰው ቃልአብ በሩ ላይ ጠበቃት። ማስክ አላደረገም። መዳፉ ላይ ያቺን የመሰለች ባለክዳን ዕቃ ይዟል።

«አዲስ ናት» አለ ፈጠን ብሎ። «ከሲስተር ለምኜ ነው።»

ክዳኑን ከፈተችው። ውስጡ ቀጭን የወርቅ ቀለበት አለ። ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም።

«በፌስታል ልጠቅልልልሽ?» አለ።

«ተወው» አለች። «ምሳው ግን አልቀረልህም።»

ቀለበቱን አጠለቀች። ከዚያም ባዶዋን ዕቃ በግላጭ ይዛ፣ በሌላው እጇ ክንዱን ይዛ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ እስከ ታክሲ ተራው ሄደች።