የኢክራም ቃጭል

ጠጋ በሉ ልጆች፣ ጆሯችሁን አቁሙ። የዛሬው ታሪክ ድምፅ አለውና ድምፁን አብረን እናሰማለን።

ሐይቅ በምትባል ከተማ፣ ከውሃው አጠገብ፣ ሰዓዳ የምትባል ልጅ ነበረች። አያቷ አባባ ይማም ብር አንጥረኛ ናቸው።

ድሮ ከቤታቸው ጠዋት ማታ «ኳ! ኳ! ኳ!» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ጉትቻዋ የተሰበረባት፣ ድሪዋ የተበጠሰባት ሁሉ ወደ እሳቸው ትሮጥ ነበር።

አሁን ግን አባባ ይማም አርጅተዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። መዶሻቸውም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ዝም ብሏል።

ሰዓዳ ኢክራም የምትባል ትንሽ እህት አለቻት። ኢክራም መሄድ የጀመረችው ገና በቅርቡ ነው፤ ግን ምን ያደርጋል፣ አንድ ቦታ አትቀመጥም!

«ኢክራም የት ናት?» ትላለች እናታቸው ዘሀራ። ድክ ድክ ድክ! ኢክራም ዶሮዎቹ መሀል ናት።

«ኢክራም የት ናት?» ድክ ድክ ድክ! ኢክራም የጎረቤት ፍየል ጆሮ ይዛለች።

አንድ ቀን ግን ኢክራም ጠፋች። ቢፈልጓት ቢፈልጓት የለችም።

የተገኘችው ሐይቁ ዳር፣ ውሃውን በእጇ ስታንቦጫርቅ ነው። ዘሀራ ክው አለች፤ ልጇን እቅፍ አድርጋ አለቀሰች።

ቤት ሲገቡ ዘሀራ ከሳጥኗ ውስጥ አንድ ትንሽ የብር አልቦ አወጣች። አልቦ እግር ላይ የሚታሰር ጌጥ ነው። በዚህኛው ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቃጭል ተንጠልጥላበታለች።

«ይሄን አባ ናቸው ልጅ ሳለሁ የሠሩልኝ» አለች። «ስሮጥ ቅጭል! ቅጭል! ይላል። አባም ሲሰሙ ‹ዘሀራ፣ መጣሽ ልጄ?› ይሉኛል። እኔም ‹መጣሁ አባ!› እላለሁ።»

አልቦውን ነቀነቀችው። ዝም።

ደግማ ነቀነቀችው። ዝም። የቃጭሏ አፍ ተከፍቶ፣ ውስጧ የነበረው ነገር ወድቆ ጠፍቷል።

«ወይኔ፣ ድምፁ እንዴት እንደናፈቀኝ!» አለች ዘሀራ።

ሰዓዳ አልቦውን ይዛ ወደ አያቷ ሮጠች። «አባባ፣ ይሥሩልን! ኢክራም እንዳትጠፋብን!»

«እጄ እኮ እምቢ አለኝ፣ የኔ ሆድ» አሉ አባባ ይማም።

«እንግዲያው እኔ እሠራዋለሁ!» አለች ሰዓዳ ቆፍጠን ብላ።

ቃጭሏ ውስጥ የጤፍ ፍሬ ከተተች። ነቀነቀችው። ዝም።

ምስር ከተተች። ቸክ ቸክ አለ። ይሄ የቃጭል ድምፅ ነው? አይደለም!

ባቄላ ልትከት ሞከረች። ባቄላ? ኧረ አይገባም!

አባባ ይማም ከት ብለው ሳቁ። «አንቺ፣ ቃጭል ነው የምትሠሪው ወይስ ወጥ?»

ከዚያ ሰዓዳን አጠገባቸው አስቀመጧት። «እኔ የምከተው ጠጠር ነው። ቃጭል ስሠራ እናቲቱን ‹ከደጃፍሽ ጠጠር አምጪልኝ› እላታለሁ። የደጃፉን ጠጠር የያዘ ልጅ ቤቱን አይረሳም።»

ሰዓዳ ወደ ደጃፉ በረረች። ይሄ ትልቅ ነው። ይሄ ይፈረፈራል። ይቺ ግን ጥቁር፣ ክብ፣ ደግሞ ትንሽዬ ናት!

ጠጠሯ ገባች። ቅጭል!

አሁን የቃጭሏ አፍ መገጠም አለበት። አባባ ይማም መዶሻቸውን ከግድግዳው አወረዱ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። መዶሻው ከሳተ ቃጭሏ ትጨፈለቃለች።

ሰዓዳ ትንሿን እጇን እጃቸው ላይ አደረገች። «አብሽሩ አባባ፣ አብረን ቀስ እንላለን።»

ኳ! ቀስ። ኳ! ቀስ። ኳ!

ዘሀራ ድምፁን ሰምታ ከጓዳ ወጣች። በሩ ላይ ቆመች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። የልጅነቷ ቤት ድምፅ ተመልሶ መጣ።

አልቦው ኢክራም እግር ላይ ታሰረ። ኢክራም መሬቱን ረገጠች። ቅጭል! ሳቀች። ደግማ ረገጠች። ቅጭል!

ጀምበር ስትጠልቅ ዘሀራ ዞር ብትል፣ ልጅቷ የለችም። «ኢክራም የት ናት?»

ሁሉም ጆሯቸውን አቆሙ። ቅጭል! ቅጭል! በሐይቁ መንገድ ላይ! ሰዓዳ ሮጣ ደረሰችባትና እጇን ይዛ መለሰቻት።

ቅጭል! ቅጭል! ቅጭል! ወደ ቤት።

አባባ ይማም ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ነበር። ቃጭሏን ሲሰሙ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ።

«ዘሀራ፣ መጣሽ ልጄ?» አሉ።

ሰዓዳ «ኧረ ኢክራም ናት!» ልትል አፏን ከፈተች። ግን የእናቷን ፊት አየችና ተወችው።

ዘሀራ ሄዳ አባቷ አጠገብ ቁጭ አለች። ራሷን ትከሻቸው ላይ አሳረፈች።

«መጣሁ፣ አባ» አለች።

ኢክራምም እናቷ ጭን ላይ ወጥታ እንቅልፍ ወሰዳት። በእንቅልፍ ልቧ እግሯን አንዴ አወራጨች።

ቅጭል።